ሐኪሙ ያዘዘውን ኢንሹራንሱ ሲሰርዘው

ይህን የምጽፈው በመሥሪያ ቤታቸው በኩል የጤና ኢንሹራንስ ላላቸው ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደኔ ፋብሪካ ተቀጥረው ካርድ የያዙ ብዙ ናቸው። ካርዱ ሲሰጠን ደስ ይለናል፣ ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን እስክንታመም ድረስ የሚጠይቅ የለም። ስንታመም ደግሞ ሐኪሙ አንድ ነገር ይላል፣ ኢንሹራንሱ ሌላ ይላል፣ እኛ መሀል ላይ እንቀራለን። እኔም እዚያ መሀል ላይ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለአንዱ ይጠቅም ይሆናል።

የታመምኩት በእንቅርት ነው። ትውልዴ መንዝ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ እንቅርት ያላት ሴት ማየት ብርቅ አይደለም። እማዬም አለባት፣ አያቴም ነበረባት። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ደጋው ላይ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፣ በዚያ አፈር የሚበቅለው ገብስም ባቄላም አዮዲን ያንሰዋል። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ጊዜ አድጌ ጨርሻለሁ። ልጅ ሆኜ አንገቴ ላይ የነበረችው ትንሽ እብጠት አታምም፣ አታስቸግር፣ በነጠላ ትሸፈናለች። ስለዚህ ማንም እንደ በሽታ አልቆጠራትም።

ከጊዜ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ልብስ አጥቤ ገመድ ላይ ሳሰጣ ፊቴ ይግላል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጸጉሬን ለመሥራት እጄን ወደ ላይ ማንሳት ከበደኝ። ማታ በጀርባዬ መተኛት ቀረ። እንጀራ ስጎርስ ውኃ ካልተከተለ አይወርድም። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ጉንፋን ነው እያልኩ ከረምኩ፣ በመጨረሻ ኢንሹራንሳችን ውል ካለው አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ማታ ማታ እዚያ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም አለ። ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ የሚያዳምጥ።

«ሁለቱንም እጆችሽን ወደ ላይ አንሺ» አለኝ። «ከጆሮሽ ጋር አስጠጊያቸው። እንደዚያው ቆዪ።»

አነሳሁ። አንገቴን አልነካም፣ ዝም ብሎ ፊቴን ያያል። ደቂቃ እንኳን የሞላ አይመስለኝም፣ ፊቴ ጋለ፣ ግንባሬ ላይ ደሙ ሲሞላ ተሰማኝ፣ ጉሮሮዬ ተያዘ። ግድግዳው ላይ ባለችው መስታወት ራሴን አየሁ። ከንፈሬ ጠቁሯል፣ የአንገቴ ደም ሥሮች ተገትረዋል።

«በቃ፣ አውርጂ» አለኝ። «ይሄ እንቅርት ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ወደ ደረትሽ ወርዷል ብዬ እጠረጥራለሁ።»

ከዚያ የአንገትና የደረት ሲቲ ስካን ጻፈልኝ። «ያለ ኮንትራስት» ብሎ ጨመረበት፣ ምክንያቱም ፎቶው ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጠው የኮንትራስት መድኃኒት ራሱ አዮዲን ስላለው እንቅርት ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምን ሲቲ እንደሚያስፈልግ ደግሞ በደንብ አስረዳኝ። አልትራሳውንድ አጥንት አልፎ አያይም። እንቅርቱ ከደረት አጥንት ጀርባ ከገባ፣ የት ድረስ እንደወረደና የአየር ቧንቧዬን ምን ያህል እንዳጠበበው በአልትራሳውንድ አይታወቅም። ይህ ሳይታወቅ ቀዶ ጥገና ቢገባ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ቱቦ ሲያስገባ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ሐኪሙ ያዘዘው ለዚህ ነው። ነገሩን ያየው በዓይኑ ነው፣ እጄን አስነስቶ።

ትእዛዙን ይዤ የኢንሹራንስ ታካሚዎችን ፈቃድ ወደሚከታተለው ክሬዲት ክፍል ወረድኩ። የክሬዲት ክፍሏ ልጅ ለኢንሹራንሱ ላከችው። መልሱ ከሰዓት መጣ። አንድ መስመር ነው። ሲቲ ስካኑ አልተፈቀደም፣ አልትራሳውንድ ይሠራ ይላል። ምክንያት የለውም፣ የማን ውሳኔ እንደሆነም አይልም።

ሐኪሙ መልሱን አየው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ሳበና «አልትራሳውንድ» ብሎ ጻፈ። የሲቲውን ወረቀት አጣጥፎ ወደ ጎን አደረገው። «እነሱ እንዲህ ካሉ ምን አደርጋለሁ፣ እህቴ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ደክሞታል። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ስንት ሰው ሲያይ ውሎ ማታ ደግሞ ከኢንሹራንስ ጋር መከራከር አልቻለም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንድ ምርመራ መከልከሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው። የሲቲው ትእዛዝ ወደ ጎን ሲሄድ፣ በሕክምና ካርዴ ላይ የቀረው አልትራሳውንድ የሚለው ብቻ ሆነ። ነገ ሌላ ሐኪም ካርዴን ቢያይ፣ ያ ሐኪም መጀመሪያውኑ የፈለገው አልትራሳውንድ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኔን ያላየ፣ እጄን ያላስነሳ ሰው የወሰነው ውሳኔ የሐኪሜ ውሳኔ መስሎ ሊመዘገብ ነው። የሆነ ነገር ብሆን ደግሞ የሚጠየቀው ሐኪሙ ነው። ኢንሹራንሱ «እኛ ገንዘብ ነው የምንከፍለው፣ ሕክምናውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው» ይላል። በእርግጥም እንዲህ ይላሉ፣ በኋላ በስልክ ቃል በቃል ብለውኛል።

እና ጠየቅኩት። «ዶክተር፣ ኢንሹራንስ ባይኖረኝ ኖሮ ምን ነበር የሚያዙልኝ?»

«ሲቲ» አለ ወዲያው።

«እንግዲያው እሱን ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ። ለምን እንዳስፈለገ፣ ከዚያ ደግሞ ኢንሹራንሱ እንዳልፈቀደ። አልትራሳውንዱ ከዚያ በታች ይሁን።»

አየኝ። ከዚያ ካርዱን ሳበና ጻፈ። እጅ ሲነሳ የታየውን ጻፈ፣ የጠረጠረውን ጻፈ፣ ያዘዘውን ጻፈ፣ የተከለከለበትን ቀን ጻፈ፣ ፈረመበት። አምስት መስመር ብትሆን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በእነዚያ መስመሮች ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱት እንኳን ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። ኢንሹራንስ ባይኖረኝ ምን ታዝልኝ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም አስጽፉ። ሐኪም ላይ መጮህ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ትክክለኛውን ነገር ያውቃሉ፣ የሚፈልጉት አይዞህ የሚላቸው ሰው ነው።

አልትራሳውንዱን ሠራሁ። ውጤቱ ላይ ያነበበው ባለሙያ የእንቅርቱ የታችኛው ጫፍ ከደረት አጥንት ጀርባ ስለገባ ሊታይ አልቻለም ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለው ማለት ነው። ውጤቱንና የካርዱን ኮፒ አያይዘን እንደገና አስገባን። አሁን ይፈቅዳሉ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። የመጣው መልስ ግን ሌላ ነው። እንቅርቱ ከውሉ በፊት የነበረ ህመም ስለሆነ ሽፋን የለውም ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

ያን ጊዜ ነው ውሉን ማየት አለብኝ ያልኩት። ይህን ልብ በሉ፣ የቡድን ኢንሹራንስ ውሉ በመሥሪያ ቤቱና በኩባንያው መካከል ነው። እኛ እጅ ያለው ካርድ ብቻ ነው። ሙሉው ውል ያለው ሰው ሀብት ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰው አክባሪ ናቸው፣ ፋይሉን አውጥተው ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ከውል በፊት ስለነበረ ህመም የሚለው አንቀጽ አለ። ነገር ግን የእኛ ውል የሚያስቀረው ሠራተኛው ከመመዝገቡ በፊት ሕክምና የጀመረበትን ህመም ነው። እኔ ደግሞ ለእንቅርቴ ከዚያ በፊት ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም። አንገቴ ላይ መኖሩና መታከሜ የተለያየ ነገር ነው። የእናንተ ውል ሌላ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው አንብቡት የምለው። ጣሪያውን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ በዓመት የሚከፍለውን ትልቁን መጠን፣ እዩ፣ የተኝቶ ሕክምናና የተመላላሽ ሕክምና ጣሪያቸው ለየብቻ ሊሆን ይችላል። የማይሸፈኑ የሚለውን ክፍል ደግሞ ቀስ ብላችሁ እዩት። ያልገባችሁን ቃል ሰው ሀብትን ጠይቁ፣ ውሉን የፈረሙት እነሱ ናቸው።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ሜሪላንድ ነርስ ናት። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ አልገረማትም። እዚያ የግል ኢንሹራንሶች ብዙ ምርመራና መድኃኒት ሳይሰጥ በፊት ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ሐኪሞች በዚህ ምርር ብሏቸዋል አለችኝ። ሲከለከል ግን ሐኪሙ የኢንሹራንሱን ሐኪም በስልክ አናግሩኝ ማለት ይችላል፣ ሐኪም ለሐኪም ያወራሉ፣ አንዳንዴ በዚያ ይፈታል። «የእናንተውም ቢሆን ሐኪም ሳይኖረው አይቀርም፣ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች። «የእኔን ጥያቄ የወሰነው ሰው ሐኪም ነው?» አልኳት። ስሙን አልፈልግም፣ ሙያውን ብቻ። ትንሽ ቆይታ የክሌም፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄ የሚያይ፣ ባለሙያ ነው አለችኝ። አማካሪ ሐኪም አላችሁ ወይ አልኳት። አለን፣ ግን ሁሉም ፋይል እሳቸው ጋ አይደርስም አለች። እንግዲያው የእኔ ይድረስ፣ ሐኪሜም ያናግራቸው ብዬ ጠየቅኩ። ይህንኑ በደብዳቤ አድርጌ፣ የውሉን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሼ፣ በመሥሪያ ቤቴ በኩል አስገባሁ። ግልባጭ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚል ከታች አደረግኩበት። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ጤና ቢሮ አይደለም፣ ብሔራዊ ባንክ ነው። የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ሥልጣኑን ይሰጠዋል። ቅሬታ መጀመሪያ ለራሱ ለኩባንያው በጽሑፍ ይቀርባል። እዚያ ካልተፈታ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይቻላል።

ሐኪሙና አማካሪው በስልክ ተገናኙ። ሐኪሜ እንደነገረኝ ንግግሩ አጭር ነበር። አማካሪው የጠየቁት ወደ ደረት ገብቷል ወይ የሚለውን ነው። ገብቷል፣ አልትራሳውንዱም ጫፉን አላየውም። በቃ፣ ይሠራ አሉ። በማግሥቱ ፈቃዱ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ያስቆመኝ የሁለት ሐኪሞች አለመግባባት አልነበረም። ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዋጋ እያየ የቆረጠው ነገር ነው።

ሲቲውን ለመሥራት አዲስ አበባ ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደል። በሚኒባስ ተጨናንቆ መተንፈስ ለቸገረው ሰው ግን ከጫጫ እስከ ሰንዳፋ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ውጤቱ የአየር ቧንቧዬ ወደ ቀኝ ተገፍቶ መጥበቡን አሳየ። ቀዶ ጥገናው እዚያው አዲስ አበባ ውል ባለው ሆስፒታል እንዲሆን ተወሰነ። ማደንዘዣ የሰጡኝ ሐኪም ከመግባቴ በፊት የሲቲውን ፎቶ ደጋግመው አዩት፣ ቀጠን ያለ ቱቦም አዘጋጁ። ያ ፎቶ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

አሁን ስለ አልጋው። ኢንሹራንሱ የፈቀደው ሁለት ሌሊት ነው። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ፣ ድምፄም አልጠፋም። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን ከንፈሬ ዙሪያ መደንዘዝ ጀመረ። የጣቶቼ ጫፎች ይነዝሩኛል። ከእንቅርቱ ጀርባ የካልሲየምን መጠን የሚቆጣጠሩ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። እንቅርት ሲወጣ እነሱ ሊጎዱ ወይም ለጊዜው ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ካልሲየም ይወርዳል። ይህን ከመግባቴ በፊት ነግረውኛል፣ ስለዚህ ወዲያው ለነርሷ ተናገርኩ። ሐኪሙ መጣና ከጆሮዬ ፊት ለፊት ጉንጬን በጣቱ ቸብ ቸብ አደረገው። የከንፈሬ ጫፍ በራሱ ጊዜ ዘለል አለ። ደም ተወሰደ።

በዚያ መሀል ከክሬዲት ክፍል አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ የዚች ታካሚ ፈቃድ ነገ ጠዋት ያልቃል፣ የመውጫ ወረቀቷን ብናዘጋጅ» አለ። ሐኪሙ ዞር ብሎ ሳያየው «ካልሲየሟ ካልተረጋጋ አትወጣም» አለ። ሰውዬው እያመነታ ቆመ። እኔ ከአልጋው ላይ ሆኜ «ዶክተር፣ ይጻፉልኝ» አልኩ። ጻፈ። ካልሲየም ዝቅተኛ፣ በደም ሥር ካልሲየም ተጀምሯል፣ አሁን መውጣት አደጋ አለው። ያቺ ወረቀት በዚያው ማታ ተላከች። ፈቃዱ ተራዘመ። በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደማይራዘም የነገረኝ ያው የክሬዲት ክፍሉ ሰው ነው።

ፈቃድ አለቀ ማለት ሕክምና አለቀ ማለት አይደለም። ይህን በደንብ ያዙት። ሐኪሙ አትወጣም እያለ ፈቃድሽ አልቋል ቢሏችሁ፣ በራሴ ፈቃድ ወጣሁ የሚለውን ቅጽ አትፈርሙ። ያን ቅጽ ከፈረማችሁ በኋላ ለሚመጣው ነገር ሆስፒታሉም ኢንሹራንሱም እኛ አላልንም ይላሉ። ይልቅ የአንድ ሌሊት ዋጋ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ ከኪስ ከፍሎ በኋላ መጠየቅ ይሻላል። ለዚያ ኦሪጅናል ደረሰኝና የሐኪም ሪፖርት ያስፈልጋል። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ እያላችሁ እዩ። ስሙ አንዱ ላይ «ወልደ»፣ ሌላው ላይ «ወ/» ተብሎ በመጻፉ ብቻ ክሌሙ የተመለሰበት የሥራ ባልደረባ አለኝ።

እማዬ ጋ ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። እሷ መንዝ ነው ያለችው፣ የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል ናት። ይህ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ነው። ለትርፍ የቆመ ኩባንያ አይደለም፣ ለገበሬው ብዙ ነገር አቅልሏል። መክፈል የማይችለውን ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። እንደኔው ኢንሹራንስ ከታካሚው ሕክምና እየቆረጠ የሚያተርፍ የለበትም። ግን የራሱ ገመድ አለው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ በሪፈር ደብረ ብርሃን። ያለ ሪፈር እኔ ጋ ብትመጣ ከኪሷ ነው የምትከፍለው። የደም ግፊት መድኃኒቷ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ፣ ሐኪሙ ያለውን ነው የሚጽፍላት። እሷንም ይህንኑ ጥያቄ አስተምሬያታለሁ። «ልጄ፣ ቢኖር ኖሮ የትኛውን ነበር የምትሰጠኝ?» ትለዋለች። እሱም ይጽፍላታል። እኔ ደብረ ብርሃን ፈልጌ እልክላታለሁ።

ኢንሹራንሶቹን በአንድ ነገር እረዳቸዋለሁ። አንዳንድ የጤና ተቋም ካርድ ሲያይ የማያዘው ምርመራ የለም። ራስ ምታት ብሎ ለሄደ ሰው ሙሉ የደም ምርመራ፣ ኤክስሬይ፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት። ከዚያ የዓመቱ ጣሪያ ቶሎ ያልቅና ሰው በእውነት ሲታመም ምንም አይቀርለትም። ያንን መቆጣጠር ተገቢ ነው። መቆጣጠሪያው ግን ሐኪም ለሐኪም ተነጋግሮ መሆን አለበት። ሥራውን ለማያውቅ ሰው የዋጋ ዝርዝር ሰጥቶ ከዚህ በላይ ያለውን ቁረጥ ማለት ቁጥጥር አይባልም። አስፈላጊውንም አላስፈላጊውንም እኩል ይቆርጠዋል።

እኔ አሁን የወጣው ዕጢ ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ፣ ዕድሜ ልክ የምወስደው ሌቮታይሮክሲን የሚባል መድኃኒት አለኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፣ ቁርስና ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁታል። ቡና ከላዩ ከጠጡበት መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግም። ለኛ ቤት ይህ ቀላል አልነበረም። ኢንሹራንሱ እዚህም አልቀረም። መድኃኒቱን የሚሸፍነው የአንድ ወር እየሆነ ነው፣ ውል ያለው ፋርማሲም አንዳንዴ የሌላ ፋብሪካ ይሰጠኛል። የሌላ ፋብሪካ መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን በዚህ መድኃኒት ላይ ፋብሪካ ሲቀየር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ መድገም ያስፈልጋል፣ መጠኑ ትንሽ ከተዛባ ልብ ይመታል ወይም ሰውነት ይዝላል። ምርመራውን ስጠይቅ በቅርቡ ተሠርቷል ተብሎ ተመለሰ። አሁን ሐኪሜ የመድኃኒቱን የፋብሪካ ስም፣ መጠኑንና ምርመራው የሚደገምበትን ጊዜ አንድ ወረቀት ላይ አድርጎ ጽፎልኛል። እሱን ይዤ ከሄድኩ ወዲህ አልተመለሰም። እናንተም የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካላችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት አስጽፉ። ፋርማሲስቱ ሲቀይርባችሁም ለሐኪማችሁ ደውሉ፣ ራሳችሁ አትቀይሩ።

የኢንሹራንስ ውል በየዓመቱ ይታደሳል። ያኔ ነው ሠራተኛ ድምፅ ያለው፣ ከተፈረመ በኋላ ዋጋ የለውም። አምና ከመታደሱ በፊት እኔና ሌሎች የታመምን ባልደረቦች ለሰው ሀብት ኃላፊው ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ሰጠን። አንደኛው፣ ማንኛውም ክልከላ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና ከወሰነው ሰው ሙያ ጋር ይምጣ። ሁለተኛው፣ ሐኪም ከጠየቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር ይገናኝ። ሦስተኛው፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሦስት ወሩ በአንዴ ይሰጥ። ኃላፊው ይዘውት ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውሉ ውስጥ ገቡ፣ ለመሥሪያ ቤቱም የተጨመረ ዋጋ የለም። ሦስተኛው ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ቀረ። እኔ አሁንም ሌቮታይሮክሲኔን በየወሩ እየተመላለስኩ ነው የምወስደው። ለሚቀጥለው እድሳት የሐኪሜን ደብዳቤ አያይዤ ጥያቄውን መልሼ አስገብቻለሁ፣ ሦስት የስኳር ታካሚ ባልደረቦቼም ፈርመውበታል።